ውበት ሳሎን የገቡ የመቂ አሳዎች

ዲግሪ ማለት በደንብ ስለማያውቁት ነገር ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ መናገር መቻል ነው። ሌላ ምንም አይደለም። እኔ አራት ዓመት ተምሬ ይዤ የወጣሁት ይሄንኑ ነው... ካላመናችሁኝ በአቅራቢያችሁ ካለ አዲስ ተመራቂ አጠገብ ቁጭ በሉና ስለ ዶላር፣ ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ጉበት በሽታ አንስታችሁ ሞክሩት። ሻያችሁ ይቀዘቅዛል እንጂ እሱ አይጨርስም።

የተመረቅኩት በባዮሎጂ ነው። መመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ስለ አሳ ነው። አሳ ሲባል ቆሮሶ ጥብስና አምባዛ ብቻ የሚታያችሁ ሰዎች ከአሁኑ ተስፋ ቁረጡ፣ የኔ አሳ የሚበላ አይደለም። ርዝመቱ ከመሃል ጣት ብዙም አያልፍም፤ ቀጠን ያለ፣ ጭቃ የመሰለ ቀለም ያለው ነገር ነው። አገጩ ሥር ክብ መምጠጫ አለው፤ በሱ ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ጥብቅ ብሎ ይውላል። ጋራ ይባላል፤ የሳይንስ ስሙ ነው።

ጋራ ግን የአንድ አሳ ስም አይደለም፣ የጂነስ ስም ነው። ጂነስን ወገን በሉት፣ ስፒሺስን ደግሞ ዝርያ። በዚህ ወገን ውስጥ ከመቶ የሚበልጥ ዝርያ አለ። ቱርክ አለ፣ ህንድ አለ፣ አዋሽ ውስጥ አለ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር መቂ ወንዝ ውስጥም አለ። ይሄን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ጣጣው የመጣው ከፈተናው በኋላ ነው።

ከተመረቅኩ ስምንት ወር አልፎኛል። አዳማ ውስጥ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ግድግዳ ሁሉ ያውቀኛል። ሁሉም «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላት» ይላል። ልምዱን ከየት እንደማመጣው የሚናገር ማስታወቂያ ግን እስካሁን አልተለጠፈም። እማዬ መጀመሪያ አካባቢ «ይመጣል ልጄ፣ አትቸኩዪ» ትለኝ ነበር። በኋላ ይሄንንም ተወች። ፋሲካ ሲደርስ ግን ቁርጡን ነገረችኝ።

«ግንቦት ሳይገባ ሥራ ካላገኘሽ አሰላ ትሄጃለሽ።»

አሰላ አጎቴ ወፍጮ ቤት አለው። እዛ ሆኜ እህል ይዞ የመጣውን ሰው ተራ ላስይዝ ነው። ወፍጮ ቤት መሥራት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ግን ወፍጮ ሲነሳ ያለውን ድምፅ ታውቁታላችሁ አይደል? ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እኔ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ካላወራሁ ራሴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። አሰላ ማለት ለኔ አፌ ታሽጎ መቀመጥ ነው። በዛ ላይ ደግሞ ብርዱ...

እንግዲህ ሚያዝያ መሃል ላይ፣ ሰርጉ ሁሉ ከጾም ሲፈታ በተግተለተለበት ሰሞን፣ ፀጉሬን ልሠራ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው የእትዬ ጽጌ ውበት ሳሎን ገባሁ። እትዬ ጽጌ የእማዬ የድሮ ጎረቤት ናቸው፣ ጎበዝ ነጋዴ። ያን ሰሞን ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው ሳሎን ፊት በእንፋሎት የሚያጥብ ማሽን አምጥቶ ደንበኛ እየነጠቃቸው ነው። ስለዚህ ስልካቸውን ይዘው ለገባ ለወጣው አንድ ቪዲዮ ያሳያሉ። ውጭ አገር ነው። ሴቶች እግራቸውን የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከትተው ትናንሽ አሳዎች የሞተ ቆዳቸውን ሲበሉላቸው፣ እነሱ ሲንከተከቱ።

«ይሄ ምን ዓይነት አሳ ይሆን?» እያሉ ሰው ሁሉ ፊት ይቆማሉ።

እኔ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ነበርኩ። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ጆሮው ስለሚደፈን ሳያውቀው ይጮሃል። «ጋራ ነው ስሙ። እኛም አገር አለ። መቂ ወንዝ ውስጥ ሞልቷል» ብዬ ሳሎኑን በሙሉ አስደነገጥኩት።

እትዬ ጽጌ መጥተው ካስኩን ከጭንቅላቴ ላይ አነሱት። ፀጉሬ ግማሹ እርጥብ ነው።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«መቂ አለ ነው ያልኩት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እትዬ ጽጌ፣ መመረቂያ ጽሑፌ እኮ ነው።»

«የመቂዎቹም እግር ይበላሉ?»

እዚህ ጋ ከኔ ጋር ቆም በሉ። መመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። የሰው እግር የሚነካኩት ወደ ቱርክ በኩል ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው፤ እዛ ምግብ ስለሚያጥራቸው ያገኙትን ይቀማምሳሉ፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ግን ኑሯቸው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ መላስ ነው ይላል። አንቀጹን በደንብ አውቀዋለሁ። ራሴ ነኝ ከኢንተርኔት ላይ የገለበጥኩት።

«አንድ ወገን ናቸው» አልኳቸው።

አያችሁ፣ አልዋሸሁም። ስለ እግር ጠየቁኝ፣ ስለ ዘር መለስኩ። እሳቸው ግን «አዎ» ብለው ሰሙት፣ እኔም አላረምኳቸውም። አሰላ ፊቴ ላይ ተደቅኖ ምኑን ላርም።

እትዬ ጽጌ ነገር አያንዛዙም። «የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ይዤያለሁ። እሁድ ነው ሰርጓ። አሳዎቹ እሷ እግር ላይ ከሠሩ የዚህ ክፍል ኃላፊ አንቺ ነሽ፣ ቋሚ።»

«ካልሠሩስ?»

«ካልሠሩማ አንቺም አታውቂኝም፣ እኔም አላውቅሽም።»

ረቡዕ ዕለት ከዓለም ጤና አልፌ ወደ መቂ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሰው አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፉ አሳ ስንሰበስብ በሳቸው ማሳ ነበር የምናልፈው። ደረስኩ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ አካፋ ይዘው፣ ቦይ ውስጥ ቆመው ውሃ ያዞራሉ።

«አካም ጂርቱ ኦቦ ገመቹ?»

«ፈያ። አንቺ ያቺ ሽንኩርቴን የረገጥሽው ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ዛሬስ በየት በኩል ልትረግጪ ነው?»

አሳ ልይዝ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። የትኛውን እንደሆነ በእጄ አሳየኋቸው።

«እነዚህን ድንጋይ ላሾች? ምን ያደርጉልሻል? አሥሩን ብትጠብሺ አንድ ጉርሻ አይሞሉም።»

«ለመብላት አይደለም። ኦቦ ገመቹ፣ እነዚህ አሳዎች እግር ይበላሉ?»

«የማንን እግር?»

«የሰው።»

አካፋቸውን ተደግፈው ብዙ አዩኝ። ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳደረገኝ እያሰቡ ይመስለኛል። ከዛ «መብላት እንኳ አይበሉም። እኔ ውሃ ውስጥ ስቆም ግን ይመጡና እግሬ ላይ ይለጠፋሉ። ይኮረኩሩኛል» አሉኝ።

ማስረጃ ማለት ይሄ ነው! አንድ ሰው፣ ሁለት እግር፣ በዓይን የታየ። አማካሪ መምህሬ ቢሰማ «በአንድ ሰው ብቻ መደምደሚያ ላይ አይደረስም» ይል ነበር። አማካሪ መምህሬ ግን ደመወዝ አለው። አሰላ የሚልከው የለም።

አጎበር ይዤ ነበር። እሳቸው በአንድ በኩል ያዙ፣ እኔ በሌላው፤ በእግራችን ድንጋዩን ስናንቀሳቅስ አሳዎቹ እየሸሹ አጎበሩ ውስጥ ገቡ። ሃምሳ ያህል ይሆናሉ። ኦቦ ገመቹ ክዳን ያላት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜላቸውን አዋሱኝ።

«ቅዳሜ ሽንኩርት ይዤ አዳማ እመጣለሁ። ያኔ በርሜሌን እወስዳለሁ» አሉ። ሳሎኑ የት እንደሆነ ነገርኳቸው።

በርሜሉን ሚኒባስ ላይ ማስጫን ግን ሌላ ፈተና ነው። ረዳቱ በርሜሉን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ ሰው ነው ዕቃ?»

«ለምን?»

«አንድ ሙሉ ወንበር ይዟላ።»

አሳ ውሃ ውስጥም ሆኖ አየር ይጨርሳል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቼ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ፣ ከመቂ እስከ አዳማ ውሃውን ሳማስል መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ሞጆ እስክንደርስ ቻሉ፤ ከዛ በላይ ግን አልቻሉም።

«ጠበል ነው ልጄ?»

«አይ፣ አሳ ነው።»

«ውይ፣ ጾሙ ካለፈ በኋላ? ለምንሽ ነው?»

«ለእግር።»

ተነስተው ከኋላ ሄደው ተቀመጡ።

እትዬ ጽጌ በበኩላቸው አልተኙም። አንድ ሆቴል ግቢውን ሲያድስ ያወጣውን፣ ድሮ ፏፏቴ የነበረ የድንጋይ ገንዳ ገዝተው ሳሎኑ ውስጥ አስተክለዋል። ዙሪያውን ሮዝ ወንበር፣ ሮዝ መጋረጃ። በር ላይ «የአሳ ስፓ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ፊት ለፊት ያለው ሳሎን እንዲያነበው ሆን ተብሎ ወደዛ ዞሯል። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር የገንዳው ውስጥ ነው፤ ለዓመታት ውሃ ስለቆየበት አረንጓዴ ሆኗል። የሳሎኑ ልጆች በብሩሽ ቢፈትጉት፣ በቢላ ቢፍቁት አልለቅ አለ። እኔ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲበር ቀደም ብለው ሞልተው እንዲያቆዩልኝ አዝዣለሁ። ይሄን ያህል እንኳ አውቃለሁ፣ አትናቁኝ።

አሳዎቹን ገለበጥኳቸው። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ዝም አሉ።

ሐሙስ ሰው በሌለበት የራሴን እግር ሞከርኩ። በሙሉ ወደ ሌላኛው ጥግ ሸሹ። መንገድ ደክሟቸው ነው አልኩ። ዓርብ ደገምኩ። አንዱ መጣ፣ አውራ ጣቴን ሸተት አደረገ፣ ተመለሰ። አገሩን አልለመዱትም አልኩ። ደግሞ ዓርብ ከሰዓት የገንዳው ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፣ ነጭ ድንጋይ። እትዬ ጽጌ የሳሎኑን ልጆች ጠርተው «እንዲህ ነው ሥራ ማለት» ብለው አመሰገኑ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ግን ምስጋና ማን ይመልሳል። እኔ ግን ገንዳውን ማን እንዳጸዳው ገባኝ። አሳዎቹ ያላቸውን ምግብ በሙሉ ልሰው ጨርሰዋል። ሲርባቸው ደግሞ እግርም ቢሆን ይበላሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ራስን ማጽናናት በደንብ እችላለሁ፤ ስምንት ወር ተለማምጄበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራዋ መጣች። ቤዛ ትባላለች፣ ቆንጆ ልጅ ናት፣ ከፍርሃት ብዛት ዝም ብላ ትስቃለች። ሦስት ሚዜዎች አሏት። ከነሱ ጋር ከቢሾፍቱ የመጡ አክስቷ እትዬ አስካለ አሉ። ለሰርግ የመጡ ሳይሆን ሰርጉን ሊቆጣጠሩ የተላኩ ነው የሚመስሉት። አምስቱም ገንዳው ዙሪያ ተቀምጠው እግራቸውን ከተቱ።

አሳዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው። ጭራቸውን እንኳ አላዞሩም።

«አሁን ይጀምራሉ» አልኩ።

ጠበቅን።

«መጀመሪያ ያጠናሉ» አልኩ።

«ምኑን ነው የሚያጠኑት?» አሉ እትዬ አስካለ። «እግር ነው እኮ፣ ካርታ አይደለም።»

አንደኛዋ ሚዜ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። «ኧረ እነዚህ ግድግዳ ነው የሚስሙት።»

«ግድግዳው ከኛ ምን ይሻላል?» አለች ሌላዋ።

ቤዛ ግን መሳቋን ተወች። እግሯን ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጋ አየችው። «እኔን ጠልተውኝ ይሆን?» ስትል ድምፁ የቀልድ አልነበረም። ነገ የምታገባ ልጅ ናት። አሳም ቢሆን አልፈልግሽም ሲላት ደስ አይልም።

አንጀቴን በላችኝ። ማዘን ግን አሳ አያመጣም። «ሎሽን ተቀብተሻል እንዴ?» አልኳት።

«አዎ።»

«ያው ነው፣ ሎሽን አይወዱም።»

አምስቱም እግራቸውን በሳሙና ታጥበው ተመለሱ። አሳዎቹ ባሰባቸው።

«የሳሙና ሽታም ብዙ አይወዱም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድነው የሚወዱት?» አሉ እትዬ አስካለ። «ንገሪንና እናምጣላቸው።»

መልሱን እኮ አውቀዋለሁ። አልጌ ነው። ግን እንዴት አድርጌ ነው ለሙሽራ «እግርሽ አረንጓዴ ስላልሆነ ነው» የምላት? ዳቦ ፈርፍሬ ጣት ጣታቸው መሃል በተንኩ። ዳቦው ረጠበ። በቃ። እትዬ ጽጌ ከበር አጠገብ ቆመው ያዩኛል። ከንፈራቸው ለደንበኛ ይስቃል፣ ዓይናቸው ግን እኔን አሰላ አድርሶ ይመለሳል። የወፍጮው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

እንዲህ እያለን አንድ ሰዓት አለፈ። ቡና ቀርቦ ተጠጣ፣ አምስቱ እግራቸውን እንደዘፈዘፉ ናቸው። ተስፋ እየሰጠሁ ያቆየኋቸው እኔ ነኝ።

ከዛ መጋረጃው ተገለጠና ኦቦ ገመቹ ገቡ። ጎማ ጫማ፣ የተጠቀለለ ሱሪ፣ ትከሻቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ።

«እንደምን አደራችሁ። በርሜሌን ልወስድ ነው።» ዓይናቸው ገንዳው ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው አዩ። «ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ተርበዋል እኮ። ድንጋዩን ልሰው ጨርሰውታል። እዚህ አሁን ምን አለ? ምንም የለም።»

እኔ ሦስት ቀን የደበቅኩትን ሰውዬው ሳይቀመጡ ተናገሩት።

«ባለሙያ ነዎት?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አይደለሁም። እኔ የሽንኩርት ሰው ነኝ። ግን ጎረቤት ነን። ውሃ ውስጥ ስገባ ይመጡብኛል።»

እትዬ አስካለ እኔን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ፤ ተንኮል ፊታቸው ላይ ሲበራ ታየኝ። «እስቲ ይግቡና እንያቸዋ።»

«ኧረ እኔ እግሬ ቆሻሻ ነው። ከቦይ ወጥቼ በቀጥታ ነው የመጣሁት።»

«ይግቡ ተብለዋል።»

ኦቦ ገመቹ በሀፍረት ጎማ ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን ብታዩት... ተረከዛቸው ክረምት እንደዘገየበት መሬት ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ የመቂ አረንጓዴ ገብቶ ቀርቷል። ሮዟ ወንበር ላይ ጫፏን ይዘው ተቀመጡና ቀስ ብለው ከተቱ።

ግድግዳው ባዶ ሆነ።

ሃምሳውም፣ አንድ ሳይቀር፣ የጠዋት ታክሲ እንደመጣለት ሰልፈኛ እየተጋፉ ተረከዛቸው ላይ ሰፈሩ። ቦታ ያጡት ሌላው ጀርባ ላይ ወጡ። ኦቦ ገመቹ መጀመሪያ ቻሉት። ከዛ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዛ ፈርሰው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪፈስ። «ነግሬሽ ነበር፣ ይኮረኩሩኛል... አልነገርኩሽም?»

ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ጭንቅላታቸውን አውጥተው ያያሉ። መጀመሪያ የሳቀችው ቤዛ ናት፤ ቀጥሎ ሚዜዎቹ።

«አባባ፣ ምን ተቀብተው ነው ግን?» አለች ቀራጯ ሚዜ ስልኳን ወደ እግራቸው አስጠግታ።

«ምንም። መቂን ነው።»

«እንግዲያው ሙሽራዋን ከጥር ጀምሮ ሽንኩርት ቦይ ውስጥ ማቆም ነበረብን» አሉ እትዬ አስካለ።

እትዬ ጽጌ አልሳቁም። በአንድ ጣታቸው ጠሩኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ የተከመረበት ጠባብ ቦታ ላይ ተፋጠጥን።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ታውቂ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ደክሞኛል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለአሳ ጠበቃ ሆኜ ስሟገት ነው የሰነበትኩት። «አዎ፣ አውቅ ነበር» አልኩ።

«አንድ ወገን ናቸው አላልሽኝም?»

«ናቸው። እርስዎና እህትዎ አንድ ወገን አይደላችሁ? እሳቸው ፀጉር ይሠራሉ?»

«እህቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አትችልም።»

«በቃ እንደዛ ነው። ወገኑ አንድ ነው፣ ዝርያው ነው የተለየው። የቱርኮቹ እግር ይነካሉ፣ የመቂዎቹ ድንጋይ ይልሳሉ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት፣ ሥራውን ስለፈለግኩት።»

ከንፈራቸው ሊፈታ ሲል መልሰው ሰበሰቡት። «እሺ። አሁን ውጭ አሥር እግር አለ፣ ነገ ሰርግ ነው። ፀጉር የሚሠራ አለኝ፣ ጥፍር የሚቀባ አለኝ፣ እግር የሚፈትግ ሰው የለኝም። የነበረችውን በአሳ ተማምኜ አሰናብቻታለሁ። ምን ልታደርጊ ነው?»

ምን አደርጋለሁ። መደርደሪያው ላይ የእግር መፈተጊያ ድንጋይ ነበር። እሱን አነሳሁ፣ ባልዲ አነሳሁ፣ ወጣሁ። ቤዛ ፊት ተንበርክኬ እግሯን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሳ እየጠበቀ ከአንድ ሰዓት በላይ የተዘፈዘፈ እግር በጣም ገር ነው። ገና ድንጋዩን ሳስነካው ቆዳው ተጠቅልሎ ይወርዳል። የቤዛ እግር የሕፃን እግር ሆነ። ዓይኗን ጨፍና «ወይኔ፣ ደስ ሲል» ስትል ሚዜዎቹ ተራ ሊሻሙ ደረሱ። አንዷን ጨርሼ ወደ ሌላዋ በጉልበቴ እየሄድኩ ገንዳውን ዞርኩት። ትዕግስት የለኝም እንጂ ጉልበት አለኝ፤ የትዕግስት ማጣት ደግሞ ለፍተጋ ጥሩ ነው፣ እጅ ያፈጥናል።

ኦቦ ገመቹ ይሄ ሁሉ ሲሆን ከገንዳው መውጣት አልቻሉም፤ አሳዎቹ አልለቅ ብለዋቸው ነው። በመጨረሻ በርሜሉን ገንዳው ውስጥ አስገብተን፣ እሳቸው እግራቸውን በርሜሉ ውስጥ ሲከቱ ተከትለዋቸው ገቡ። እንደዛ አድርገን ለቀምናቸው። «ማታ ሳይሆን ወንዛቸው ይገባሉ» ብለው በርሜላቸውን ከነነዋሪዎቹ ተሸክመው ሄዱ። ጎማ ጫማቸውን ከማድረጋቸው በፊት ተረከዛቸውን አየሁት፤ ከሙሽራዋ ያነሱት በጥፍር ቀለም ብቻ ነበር።

መጨረሻ ላይ የቀሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ቀኝ እግራቸውን ሰጡኝ። እትዬ ጽጌ ከጀርባዬ መጥተው ቆሙ፤ ሳላያቸው ሽቷቸው ነገረኝ። እኔም ወደ ሥራዬ አቀረቀርኩ።

«ከአሳዎቹስ አንቺ ትሻያለሽ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እንዴት?»

«እግር አትመርጪም።»

«ስምንት ወር ሥራ ፈትቼ ነው የመጣሁት። እግር ልምረጥ እንዴ?»

ግራ እግራቸውን አቀበሉኝ። ከጀርባዬ ደግሞ እትዬ ጽጌ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ። እንዳታረፍጂ» አሉ።

ወዲያው ስልኬን ጆሮዬና ትከሻዬ መሃል ወትፌ እማዬ ጋ ደወልኩ። አሰላ ቀረ፣ ሥራ አገኘሁ አልኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት፣ አልቅሳለች። ካለቀሰች በኋላ ግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«በተማርሽበት ነው?»

የእትዬ አስካለ እግር እጄ ላይ ነው፣ ድንጋዩ በሌላኛው እጄ።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ለአሳ የተያዘ የሥራ መደብ ነበር፣ አሳዎቹ ለቀቁና እኔ ገባሁበት።»